ከካትሱሺካ እስከ ኦኪትሱ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፦ ካትሱሺካ

ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮና አንድ ባዶ የካርቶን ፎልደር ነበር። በርበሬውና ሽሮው የእትዬ ነው። ፎልደሩ የእኔ። ባዶውን ሄዶ በጃፓን የእንጨት ህትመት ሞልቶ እንዲመለስ ነበር ሐሳቤ።

እትዬ የምላት የልጅነት ጓደኛዬን ታላቅ እህት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ትኖራለች። ካትሱሺካ የቶኪዮ ሐበሾች ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለበት፤ ባቡር ጣቢያው አካባቢ አማርኛ ሲወራ ብትሰሙ አትደንግጡ።

እኔን የገረመኝ ስሙ ነው። «ትልቁ ሞገድ» የሚባለውን የታወቀ የጃፓን ህትመት የሠራው ሰዓሊ ሙሉ ስሙ ካትሱሺካ ሆኩሳይ ነው። የተወለደበት ቦታ ዛሬ ሱሚዳ በሚባለው ጎረቤት ወረዳ ውስጥ ነው ያለው። በእሱ ዘመን ግን አካባቢው ሁሉ ካትሱሺካ ነበር። እትዬ ይህን ስነግራት ሳቀች። «እና ይሄን ሁሉ ዓመት ኪራይ የከፈልኩት በሰዓሊ ሰፈር ነው በለኛ!»

እንዴት እንደጀመረኝ ልናገር። አዲስ አበባ ሳለሁ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ፣ ኦፍሴት በሚባለው የማተሚያ ማሽን ላይ። አሁን ዋሽንግተን ዲሲ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነኝ። እዚያ መሃል ከተማው ላይ የእስያ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። መግቢያው በነጻ ነው። አንድ ክረምት ብርድ ሽሽት ገባሁና ከአንድ የበረዶ ምሽት ፊት ቆምኩ። ካዋሴ ሃሱይ የተባለ ጃፓናዊ ሰዓሊ ሥራ ነው። በብሩሽ የተሣለ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳነብ ህትመት ነው ይላል፤ ከእንጨት ላይ፣ ያለ ማሽን፣ በእጅ የታተመ። ሙዚየሙ ሮበርት ሙለር ከተባለ ሰብሳቢ ብቻ ከ4,000 በላይ የጃፓን ህትመት ወርሷል። ቀለም በቀለም ላይ ሲያርፍ ግማሽ ሚሊሜትር እንዳይሸሽ ስንት ሌሊት የታገልኩ ሰው ነኝ። እነዚህ ሰዎች በእጃቸው እንዴት አደረጉት? ይህ ጥያቄ ነው ሦስት ዓመት አስቆጥቦ ጃፓን ያደረሰኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 7፦ የአሮጌ ዕቃ ገበያ

የእትዬ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አስተርጓሚዬ ሆነች። ክፍያዋ በሰዓት አንድ አይስክሬም ነው።

ገበያው ምናለሽ ተራን ያስታውሳል፣ ጸጥ ያለ ምናለሽ ተራ። አሮጌ ኪሞኖ፣ የሻይ ስኒ፣ የተሰበረ ካሜራ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ማንም አይጮህም። አንዱ ሻጭ ጋ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ህትመቶች አየሁ። ሳገላብጥ ሂሮሺጌ የተባለውን የድሮ ሰዓሊ «ካምባራ፣ የሌሊት በረዶ» አገኘሁ። ሦስት ሰዎች አጎንብሰው በበረዶ ውስጥ የሚሄዱበት ነው። ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ፤ ልብሳቸው ላይ ብቻ ትንሽ ቀለም።

ደህናው ቅጂ የመኪና ዋጋ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ሰውዬው 12,000 የን አለ። 7,000 ላይ ተስማማን። ወደ 45 ዶላር መሆኑ ነው። ልጅቷ «አጎቴ፣ አልረከሰም?» አለችኝ። ዝም አልኳት። ስግብግብነት ጆሮ የለውም መሰለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፦ የተዘጋ በርና ኒሆንባሺ

በጠዋት ወደ ሱሚዳ ሆኩሳይ ሙዚየም ሄድኩ። ዝግ ነው። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው ሙዚየም ሰኞ እንደሚዘጋ እትዬም ስልኬም ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። አልጠየቅኩማ።

ቀኑ እንዳይባክን ኒሆንባሺ ወደሚባለው ድልድይ ሄድኩ። የድሮው የቶካይዶ መንገድ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከኤዶ፣ ማለትም ከዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተነስቶ ኪዮቶ ይደርሳል፤ ወደ 490 ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ ላይ 53 ማረፊያዎች ነበሩ። ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመቶችም እንዲሁ) ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሥዕል ሠራ። መነሻና መድረሻው ሲጨመሩ 55 ሆኑ። ስሙ የተተከለው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥዕል ይህ ድልድይ ነው። ንጋት ላይ የአንድ መስፍን አጀብ ይሻገራል። ዓሣ ሻጮች ከፊቱ ዞር ይላሉ። ዛሬ ያለው ድልድይ በ1911 የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከላዩ ደግሞ ለ1964ቱ ኦሎምፒክ ሲዘጋጁ የሠሩት ፈጣን መንገድ ተጋድሞበታል። ሰማይ የለውም። የሜክሲኮ አደባባይን የባቡር ድልድይ አስቡት። ልዩነቱ እነሱ ተጸጽተው መንገዱን ወደ መሬት ሥር ሊያወርዱት ሥራ መጀመራቸው ነው።

ምሳ ሶባ የሚባል ኑድል በላሁ፣ 900 የን። የከፈልኩት በባለ 1,000 የን ኖት ነው። በ2024 የወጣው አዲሱ ኖት ጀርባው ላይ የሆኩሳይ ሞገድ አለ። በሆኩሳይና በሂሮሺጌ ዘመን አንድ እንዲህ ያለ ህትመት የሚሸጠው በአንድ ሁለት ሳህን ኑድል ዋጋ እንደነበር አንብቤያለሁ። ኖቱን ስሰጥ እጄ ትንሽ ያዝ አደረገኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፦ ጂምቦቾ

ጂምቦቾ የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈር ነው። የለገሃር፣ የፒያሳና የአራት ኪሎ መጽሐፍ ሻጮችን በሙሉ አንድ መንገድ ላይ ብትሰበስቧቸው አንድ ጥጉን አይሞሉትም። አንዳንዶቹ ሱቆች ህትመት ብቻ ይሸጣሉ።

የገባሁበት ሱቅ ጠባብ ነው። ሽማግሌው እንግሊዝኛ በቁጥቁጥ ይችላሉ። ካምባራዬን በኩራት አወጣሁት። አዩት። ምንም አላሉም። መሳቢያ ከፍተው ማጉያ መነጽር አወጡና ወደ እኔ ገፉት።

ነጥብ። ሰማያዊ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፣ ቢጫ ነጥብ፣ ጥቁር ነጥብ። በአራት ቀለም በኦፍሴት የታተመ ፖስተር ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ በማጉያ ነጥብ ስቆጥር የኖርኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌው የድሮ ሥራዬን አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም።

አላፈሩብኝም። ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ከሦስት ዓመት ንባብ ይበልጣል። መጀመሪያ ጀርባውን እይ አሉኝ። እውነተኛው ህትመት ላይ ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ወደ ኋላ ይታያል። ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል ተክል ልጥ የሚሠራ ነው፤ ቀጭን ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው። ወረቀቱ ሲታተም ከጀርባው የታሸበት ክብ ክብ ምልክትም ከኋላ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ መስኮት አዘንብለው። የእንጨቱ ደም ሥር ሰማዩ ላይ ይወጣል። ከዚያ ጠርዙ፤ ተቆርጧል ወይስ ሙሉ ነው? መሃሉ ላይ እጥፋት ካለ ድሮ በአልበም ተጠርዞ የነበረ ነው። ትንሽ ክብ ማኅተምም ይፈለጋል፤ «ኪዋሜ» ይባላል፣ የሳንሱር ማኅተም ነው። እዚያም ሳንሱር ነበር እንግዲህ።

ዋናው ግን ቅጂው መቼ ታተመ የሚለው ነው። ከአንድ እንጨት ብዙ ሺህ ቅጂ ሊወጣ ይችላል። እንጨቱ ይደክማል። ቀጭን መስመር ይሰበራል። ሽማግሌው የሞገዱን ሁለት ፎቶ አሳዩኝ። ርዕሱ የተጻፈበትን ሳጥን ከበው የሚሄዱት መስመሮች አንደኛው ላይ ሙሉ ናቸው፣ ሌላው ላይ ተቆራርጠዋል። የዋጋው ልዩነት ከዚህ ነው። በ2023 ኒው ዮርክ ላይ አንድ ጥሩ የሞገዱ ቅጂ 2.76 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከአንድ ሳህን ኑድል ተነስቶ።

የሃሱይን ሥራዎች ጠየቅኳቸው። ሃሱይ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ 1883 ተወልዶ 1957 ሞተ። አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ይባላል። መስከረም 1 ቀን 1923 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የመሬት መንቀጥቀጥ ሱቁ፣ የተቀረጹት እንጨቶችና የተከማቹት ህትመቶች አብረው ተቃጠሉ። ለዚህ ነው ከዚያ በፊት የታተመ ሃሱይ የሚወደደው። ከዚያ በኋላ ላሉት ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው የዋታናቤ ማኅተም ዘመኑን ይናገራል። አንድ የምሽት ዝናብ ወደድኩ። 210,000 የን። የወር የቤት ኪራዬ ነው። ወደ መሳቢያው መለስኩት።

በርካሹ መሳቢያ ውስጥ ሁለት በጣም ወፍራም ሰዎች ወንዝ የሚሻገሩበት አሮጌ የሂሮሺጌ ህትመት ነበር። አንዱ ፈረስ ላይ፣ አንዱ ሰዎች በተሸከሙት ቃሬዛ ላይ። ጠርዙ ተቆርጧል፣ መሃሉ ታጥፏል፣ ብል በልቶት ተጠግኗል። 48,000። አየት አድርጌ አለፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፦ ሆኩሳይና ያበላሸሁት ሰማይ

ሙዚየሙ ዛሬ ክፍት ነው። ሕንጻው ብርማ አልሙኒየም የለበሰ ነው። ካዙዮ ሴጂማ የነደፈችው፣ በ2016 የተከፈተ። ቋሚው ማሳያ ክፍል ውስጥ ያለው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ ዋናዎቹ ብርሃን ስለሚጎዳቸው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚወጡት። ትናንት ለተዋረደ ሰው ይህ መጽናኛ ነው።

ሞገዱ ከጠበቅኩት አነሰብኝ። ሁለት የኤ ፎር ወረቀት ጎን ለጎን አያክልም። ያለበት ስብስብ «የፉጂ ተራራ 36 እይታዎች» ይባላል። ስለተወደደ አሥር ጨምረውበት 46 ሆኗል፤ ስሙ ግን 36 ብሎ ቀረ። ከሁሉ የወደድኩት ሽማግሌው ሆኩሳይ ብርድ ልብስ ደርቦ መሬት ላይ ሲሥል የሚያሳየውን ሰው መሰል ቅርጽ ነው። ልጁ አጠገቡ ተቀምጣለች። እጁ ይንቀሳቀሳል። በዕድሜው 93 ጊዜ ቤት ቀይሯል ይባላል። የአዲስ አበባ ተከራይ ነው እንዴ?

ከሰዓት በኋላ 4,000 የን ከፍዬ አንድ ትንሽ የህትመት ቤት ውስጥ ትምህርት ወሰድኩ። ያ ጥያቄዬ የተመለሰው እዚህ ነው። እንጨቱ የተራራ ቼሪ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት አለው። በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ተቀርጸዋል፣ አንዱ እንደ ማዕዘን፣ አንዱ እንደ ቀጥታ መስመር። ስማቸው ኬንቶ ነው። ወረቀቱን እዚያ ላይ አስደግፎ መልቀቅ ነው። በቃ። ያን ሁሉ ሌሊት በብሎንና በመፍቻ የታገልኩለትን ነገር ሁለት ጭረት ትሠራዋለች።

ከዚያ ባረን አለ። በቀርከሃ ቅርፊት የተጠቀለለ ክብ ማሻ ነው። ወረቀቱን ከጀርባው በእሱ ማሸት ነው። ቀላል ይመስላል። አስተማሪው አንዴ ሲያሽ ሰማዩ ከላይ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ ጠፋ። ይህ «ቦካሺ» ነው። እንጨቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተቀረጸም። ውሃ፣ ብሩሽና የአታሚው እጅ ብቻ ነው። በየቅጂው እንደ አዲስ ይሠራል። የእኔ ሰማይ የሻይ ምንጣፍ ላይ ቡና የፈሰሰበት መሰለ። አስተማሪው በትሕትና «ዝናብ ሊመጣ ነው» አለ።

ሠዓሊው ይሥላል፣ ቀራጩ ይቀርጻል፣ አታሚው ያትማል፣ አሳታሚው ገንዘቡን ያወጣል። ወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚነበበው ግን የሠዓሊው ስም ነው። የማተሚያ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህቺ ነገር ማታ ባቡር ውስጥ ስትከነክነኝ አመሸች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፦ ካምባራ

ከቶኪዮ በተራው ባቡር ሄድኩ። ወደ 3,000 የን ነው። በፈጣኑ ባቡር ቢሆን ዋጋው በደንብ ይጨምር ነበር። አታሚ በምትባል ጣቢያ ላይ ባቡር ቀየርኩ። ከፉጂ ጣቢያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሺሚዙ ነኝ። ካምባራን፣ ዩኢንና ኦኪትሱን አልፌያለሁ። ሁለት ቀን በእግሬ ልሄድበት የመጣሁትን መንገድ ተኝቼ በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ተመለስኩ።

ካምባራ ፀሐይ ነው። ጃኬቴን አወለቅኩ። ባሕሩ አጠገብ ያለ ሞቃት አገር ነው፤ በረዶ እዚህ ብርቅ ነው። ሂሮሺጌ ያን ሁሉ በረዶ ከራሱ ነው ያመጣው። አሮጌ የእንጨት ቤቶች፣ አበባ የምታጠጣ ሴት፣ ብስክሌት። ድካም የተጫናቸው ሦስቱ ሰዎች የትም የሉም።

የዚህ ሥዕል ቅጂዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ላይ የሰማዩ ጨለማ ከላይ ነው፣ ሌላው ላይ ከታች፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ። እንጨቱ ያው ነው። አንዱ ላይ ሌሊቱ እየወረደ ነው፣ አንዱ ላይ ከመሬት እየተነሳ። ያን የሚወስነው የብሩሹ አቅጣጫ ነው።

በእግሬ ወደ ዩኢ ሄድኩ። አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ያደርኩበት ማረፊያ የአንዲት አሮጊት ቤት ነው፤ እራትና ቁርስን ጨምሮ 9,000 የን። እራት ሲቀርብ ጭንቅ ሆነ። ዩኢ የሚታወቀው ሳኩራ ኤቢ በምትባል ትንሽ ሮዝ ሽሪምፕ ነው። ጥሬዋም ቀረበች፣ ተጠብሳም ቀረበች፣ ሾርባ ውስጥም ገባች። እናቴ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር አይበላም ብላ ነው ያሳደገችኝ። አሮጊቷ ቆመው ያዩኛል። የተጠበሰውን በላሁ። ይጣፍጣል። እናቴ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ሩዙን ብቻ ነው የበላሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፦ ሳታ

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ዓርብም ነው። ቁርስ ሩዝና ኮምጣጤ የገባው አትክልት ብቻ ወሰድኩ። አሮጊቷ የታመምኩ መሰላቸው።

መጀመሪያ ዩኢ ያለውን የሂሮሺጌ ሙዚየም አየሁ። ድሮ መሳፍንቱ የሚያርፉበት ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ማንም አልነበረም፤ እኔና ጥበቃዋ። ሂሮሺጌ በ1858 ነው የሞተው፣ ኤዶን ኮሌራ ባጠቃት ዓመት። ቤት ቢሆን ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ በእኛ አቆጣጠር የ1911ዱን ወረርሽኝ የሚያስወጣበት ቀን። ጭሱ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል።

ከዚያ ወደ ሳታ ተራራ መውጣት ነው። መንገዱ በመንደሪን እርሻ መሃል ያልፋል። ሻጭ የሌለው መደብ አገኘሁ። አንድ ፌስታል መንደሪን 100 የን፣ ገንዘቡን ቆርቆሮ ውስጥ ጣል። ምሳዬ ይኸው ሆነ።

የሂሮሺጌ ሥዕል ላይ መንገደኞች ገደሉ አፋፍ ላይ ተለጥፈው ፉጂን ያያሉ። ከታች ባሕር ብቻ ነው። ዛሬ በዚያች ጠባብ ዳርቻ ላይ የባቡር ሐዲድ፣ ዋናው አስፋልትና የክፍያ መንገዱ ተጣብቀው ያልፋሉ። የጭነት መኪናው ድምፅ እላይ ድረስ ይሰማል። ፉጂ ግን የለም። ደመና ነው። ጣርማበር ላይ ጉም ሲውጣችሁ እንደሚሆነው። አንድ ጡረተኛ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ተክሎ ይጠብቃል። አብሬው ተቀመጥኩ። መንደሪን ሰጠሁት፣ ሙቅ ሻይ ሰጠኝ። ሰባ ደቂቃ ያህል ምንም አልተነጋገርንም።

ከዚያ ደመናው ከወገቡ ላይ ተከፈለ። ነጭ ጫፍ ብቻ፣ ከታሰበው በላይ ከፍ ብሎ። እኔ የማየው ከታች ነበር። ሰውዬው በክርኑ ጎሰም አደረገኝና ወደ ላይ ጠቆመኝ።

ወደ ኦኪትሱ ወረድኩ። መጨረሻ ላይ የኦኪትሱን ወንዝ በድልድይ ተሻገርኩ። ወንዙ ሰፊ ነው፣ ውሃው ጥቂት፣ ጠጠሩ ብዙ። ድልድዩ መሃል ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ወፍራም ሰዎች። አንዱ ፈረስ ላይ፣ አንዱ ሰዎች በተሸከሙት ቃሬዛ ላይ። ጂምቦቾ ያለፍኩት ህትመት ይህ ወንዝ ነው! ሰዎቹ የሱሞ ታጋዮች ናቸው። ድልድይ ሳይኖር በፊት መንገደኛው በተሸካሚ ነበር የሚሻገረው። ያን ሁሉ ሥጋ የተሸከሙትን ሰዎች አሰብኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፦ ጂምቦቾ፣ እንደገና

ከጣቢያው በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ሌላ ሰው ገዝቶት ቢሆንስ እያልኩ። መሳቢያው ውስጥ አለ።

ሽማግሌው ጉድለቱን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ለመሸጥ የፈለጉ አይመስሉም። ዘግይቶ የታተመ ነው። ወንዙ ላይ የነበረ ቦካሺ ቀርቷል፤ አታሚዎች ሲቸኩሉ ይተዉታል። ማጉያውን ራሴ ጠየቅኳቸው። ነጥብ የለም። የፈረሱ ጭነት ላይ ግን ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል፣ ግማሽ ሚሊሜትር። አታሚው ወረቀቱን ኬንቶው ላይ ሲያሳርፍ ተንሸራቶበታል። የዛሬ 180 ዓመት ገደማ አንድ ሰው ጠዋት ላይ ደክሞት ነበር፣ ወይም ከሚስቱ ተጣልቶ መጥቷል። እኛ ማተሚያ ቤት ለዚህች ደሞዝ ይቆረጥ ነበር።

48,000 የን ቆጠርኩ። ሽማግሌው በቀጭን ወረቀት ጠቀለሉልኝና ሌላም ነገር ጨመሩልኝ፤ ያቺን ማጉያ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፦ ቅበላ

ነገ የነቢያት ጾም ይገባል። እትዬ ባመጣሁላት በርበሬ ዶሮ ሠራች። ህትመቱን አሳየኋት። እጇን በፎጣ ጠርጋ ራቅ ብላ አየችው። «እነዚህ ከሥር ያሉት ሰዎች ግን አሳዘኑኝ» አለች። ተሸካሚዎቹን ነው። በረራዬ ማታ ነበር።

አሁን ኦኪትሱ አልጋዬ ሥር ፎልደሩ ውስጥ ተኝቷል። ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል፤ በወር አንዴ አውጥቼ አይቼ እመልሰዋለሁ። ፖስተሩ ካምባራ ኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤቴ ስኒውን ይዞ ፊቱ ቆመ፣ ቆየ።

«ኦሪጅናል ነው?»

«ከቶኪዮ ነው።»

«ስንት ገባ?»

«45 ዶላር።»

«ረከሰ!» አለኝ።